መጀመሪያ ትልበስ

ሥነ ጽሑፍ በማስተምርባቸው ዓመታት ተማሪዎቼን ከሚያወዛግቡ ቃላት አንዱ «ክረምት» ነበር። የፈረንጅ ልብ ወለድ ሲተረጉሙ በረዶ የጣለበትን፣ ዛፍ የተራቆተበትን፣ ሰው እሳት ዳር የተኮለኮለበትን ወቅት ሁሉ «ክረምት» ብለው ይጽፉልኛል። መዝገበ ቃላቱም እንዲያ ስለሚል አልፈርድባቸውም። ነገር ግን የእነሱ ክረምት ታኅሣሥና ጥር ነው፤ የእኛ ሐምሌና ነሐሴ። እነሱ ዘንድ ደረቅ ቅርንጫፍ፣ እኛ ዘንድ ጭቃና ለምለም ሣር።

ማስተማሩን ትቼ በግቢዬ ጥቂት ዶሮዎች ማርባት ስጀምር ይኸው ቃል ተከትሎኝ መጣ። ከውጭ የመጡት የዶሮ እርባታ መጻሕፍት፣ ዶሮ ቀኑ እያጠረ ብርዱ እየቀረበ ሲሄድ አሮጌ ላባዋን አራግፋ አዲስ ታወጣለች ይላሉ። አዲስ አበባ ግን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት። ረጅሙና አጭሩ ቀናችን የሚለያዩት በአንድ ሰዓት ገደማ ብቻ ሲሆን፣ ረጅሙም ቀን የሚውለው በሰኔ፣ ክረምቱ ደጃፍ ላይ ነው። ስለዚህ የእኛ ዶሮዎች ፀሐይ ቆጥረው እንደ ሠራዊት በአንድነት ላባቸውን አያራግፉም። አንዷ በሐምሌ፣ ሌላዋ በጥቅምት ልትጀምር ትችላለች። ዓመት ሙሉ እንቁላል ስትጥል የከረመች፣ ታቅፋ ጫጩት ያወጣች፣ መኖ የጎደለባት፣ ብርድና እርጥበት የጠናባት ዶሮ ሰውነቷ «በቃ» ሲላት ትጀምራለች።

የእኛዎቹ ሰውነት «በቃ» ያላቸው በ2016 ዓ.ም. ክረምት፣ ያ ሰማይ ተቀዶ የቀረ በሚመስልበት ሰሞን ነው።

ግቢያችንን ሦስት ቤተሰብ እንጋራዋለን። ዶሮዎቹ ስድስት ናቸው። አራቱ በ2015 ዓ.ም. መጋቢት ላይ በአርባ አምስት ቀናቸው የገዛኋቸው፣ ሰው በተለምዶ «የፈረንጅ ዶሮ» የሚላቸው ቡናማዎች ናቸው። ሁለቱ የሐበሻ ናቸው፤ አንዷ ገብስማ፣ አንዷ ቀይ። ቡናማዎቹ ከነሐሴ 2015 ጀምሮ እረፍት ሳያውቁ ጣሉ። እንቁላሉ ለሦስቱም ቤት ደርሷል። ከአራቱ አንዷማ ቀን አዛንፋ ስለማታውቅ ባለቤቴ «ደመወዝተኛዋ» የሚል ስም አወጣችላት።

ገብስማዋና ቀይዋ በሐምሌ ትንሽ ትንሽ መነቀል ጀመሩ፤ ብዙ ሰው አላስተዋላቸውም። ደመወዝተኛዋ ግን ነሐሴ አጋማሽ ላይ፣ ከሁሉም በኋላ ጀምራ፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ እርቃኗን ቀረች። ጠዋት የዶሮ ቤቱን ስከፍት ወለሉ ትራስ የተቀደደበት ይመስላል። ከጎረቤት ልጆች አንዱ ትክ ብሎ አያትና «ጋሼ፣ ይቺ መላጣ ናት እንዴ?» አለኝ። ልጁ እውነት አለው። ከአገራችን ዶሮዎች መካከል ከተፈጥሮዋ አንገቷ ላባ የሌለው፣ ስሟም «መላጣ» የሆነ አለች። ይቺ ግን ትናንት ባለ ሙሉ ካፖርት ነበረች።

ልጁ ሲስቅ የጎን ጎረቤቴ፣ ዕድሜ የጠገቡ እናት፣ ደነገጡ። «መምህር፣ ይቺ ዶሮ ፈንግል ገብቷታል። ሌሎቹን ሳትጨርስ ብንገላገላት አይሻልም?» አሉኝ።

ፈንግልን መፍራታቸው ተገቢ ነው። ያን በሽታ ያየ ሰው አይረሳውም፤ ማታ ቆጥ ላይ ያደረ መንጋ ጠዋት መሬት ላይ ተዘርሮ ይገኛል። ክትባቱ እዚሁ ቢሾፍቱ ይመረታል፤ ክረምት ከመግባቱ በፊት ማስከተብ ዕዳ የሚያቀልል ሥራ ነው። ግን ፈንግልና ላባ መለወጥ ለየቅል ናቸው። ፈንግል የያዛት ዶሮ ትኮማተራለች፣ ክንፏን ትጥላለች፣ መብላት ትተዋለች፣ አረንጓዴ ተቅማጥ ያጣድፋታል፣ ትንፋሽ ያጥራታል፣ አንዳንዷም አንገቷ ይጠመዘዛል። ላባ የምትለውጥ ዶሮ ኩክኒዋ ቢደበዝዝና ቢኮማተርም፣ ዝም ዝም ብትልም፣ ዓይኗ ንቁ ነው፤ ትበላለች፤ ትጭራለች። ይህን ለጎረቤቴ ከነገርኳቸው በኋላ አብረን ክንፏን ገለጥ አድርገን ቅማል እንዳላት አየን። ተባይም ላባ ያስረግፋልና። የለባትም። ዶሮ ገላዋን የምትታጠበው በአመድና በደረቅ አፈር ስለሆነ፣ ክረምት ደግሞ ደረቅ አፈር ስለማይገኝ፣ ከምድጃ የወጣ አመድ ከጣሪያ ሥር በሳጥን አስቀምጥላቸዋለሁ።

ስለዚህ ጉዳይ ስናወራ አንድ የቋንቋ ነገር ገረመኝ። አማርኛችን ዶሮ እንቁላል «ጣለች» ይላል፤ ላባዋንም «ጣለች» ይላል። ግሡ አንድ ነው። የመጀመሪያውን ስትጥል እልል፣ ሁለተኛውን ስትጥል ቢላዋ! ነገሩ ሲታይ ግን ሁለቱም ከአንድ ጓዳ የሚወጡ ናቸው። ላባ ማለት ከሞላ ጎደል ፕሮቲን ነው፤ ከመቶ 85 እጁ፣ ከዚያም በላይ። ሁለት ኪሎ የምትመዝን ዶሮ ላባዋ 100 ግራም ነው ብለን ብናስብ፣ 85 ግራም ፕሮቲን ከየትም ብላ ማምጣት አለባት። አንድ እንቁላል የሚይዘው ፕሮቲን 6 ግራም ገደማ ነው። እስቲ አስሉት። አሥራ አራት እንቁላል ለብሳ ነው የምትወጣው። ታዲያ እየለበሰች እንቁላል ልትጥልልን ከየት አምጥታ? ጭንቅላቷና አንገቷ ይቀድማሉ፤ ደረቷና ጀርባዋ ይከተላሉ፤ ክንፏና ጅራቷ መጨረሻ ናቸው። ይህ ሁሉ ብዙውን ጊዜ ከ8 እስከ 12 ሳምንት ይፈጃል።

ባለቤቴ የሒሳብ ሰው ናት። ግራው የመኖ ወጪ፣ ቀኙ የእንቁላል ቁጥር የሚጻፍበት ደብተር አላት። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ገልጣ አሳየችኝ።

«ይኸው፤ ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ። አንተ ደግሞ የተሻለ መኖ ጨምሩላቸው ትላለህ። መሥሪያ ቤት ቢሆን እንዲህ ይደረጋል?»

«አይደረግም» አልኳት። እውነቴን ነው፤ አይደረግም።

ለዶሮ ግን መደረግ አለበት። ዶሮዋ ከመቼውም ይልቅ ደህና መኖ የምትፈልገው ምንም በማትሰጥበት በዚህ ወቅት ነው። በቆሎና ፉርሽካ ሆድ ይሞላሉ እንጂ ላባ አይሆኑም። የኑግ ፋጉሎ፣ የተቆላ አኩሪ አተር፣ ከተገኘም የዓሣ ዱቄት ያስፈልጋታል። የእኛ ክረምት ደግሞ አንድ ፈተና አለው። ነሐሴ ፍልሰታ ነው፤ ከጓዳ ፍርፋሪ ሥጋ አይወጣም። ዶሮዎቹም ከእኛ ጋር አብረው ይጾማሉ ማለት ነው። ደግነቱ ዝናቡ የከለከለውን ዝናቡ ይከፍላል፤ አፈሩ ሲርስ ትል ይወጣል። የግቢው ልጆች በጣሳ እየለቀሙ ሲያመጡላቸው ዶሮዎቹ የሚያደርጉትን ሩጫ ያየ፣ ጾም የሚፈታበትን ሌሊት ያስታውሳል።

ሌላው ሥራ ከዝናቡ መከላከል ነው። ላባ የሌላት ዶሮ ብርድ ልብስ የተገፈፈ ሰው ማለት ናት፤ ከምትበላው ብዙው ሙቀት ለመፍጠር ይሄዳል። የቆርቆሮውን ቀዳዳ ደፈንን፣ የራሰውን ሰጋቱራ እያወጣን ደረቅ ጨመርን፣ ቆጡን ነፋስ ከሚገባበት ጥግ አራቅነው። ይሁን እንጂ ቤቱን ጥርቅም አድርጎ መዝጋትም አይበጅም፤ የኩሱ ሽታ ዓይናቸውንና ሳንባቸውን ይጎዳል። ከላይ አየር፣ ከታች ደረቅ መሬት። ይኸው ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ግን አለመንካት ነው። አዲሱ ላባ ሲወጣ እንደ ጃርት እሾህ ቆሞ ነው። እያደገ ሳለ ውስጡ ደም ስላለበት ሲነካ ያማታል፤ ከተሰበረ ይደማል። የሚያሳዝን ነገር ስናይ እንግዲህ ማቀፍ እንወዳለን፤ እሷ የምትፈልገው ግን መታቀፍን አይደለም፤ መኖዋ ሞልቶ፣ ውሃዋ ተቀይሮ፣ መተውን ነው። ከሰውም ይልቅ የሚያስቸግሯት የራሷ ወገኖች ናቸው። ዶሮ ቀይ ነገር ስታይ፣ በተለይ ደም ስታይ፣ መንቆር አታቆምም። ትናንት ቆጥ ላይ ጎን ለጎን ያደሩት ዛሬ የተራቆተውን ጀርባዋን ይነቁሩታል። «መናቆር» የሚለውን ቃል ለሰው ስንጠቀምበት የኖርነው ከእነሱ ወስደን ነው፤ ትክክለኛ ውሰት ነው። በሽቦ ወንፊት ከፈልኳቸው። እንድትተያይ፣ ግን እንዳትነካ። ጨርሶ ካልተያዩ ስትመለስ እንደ ባዕድ ተቆጥራ ሌላ ጠብ ይጠብቃታልና።

እንዲህ እንዲህ እያልን ጳጉሜን ገባ።

የእንቁጣጣሽ ዶሮ ዋጋ ምን እንደሚመስል ለአንባቢዬ መንገር አያሻኝም። የግቢው ምክር ቤት በቧንቧው አጠገብ ተሰበሰበ። ጎረቤቴ፣ «ዶሮ እያለን ዶሮ እንገዛለን እንዴ?» አሉ። ሐሳቡ ቅር የሚል አይደለም። ዶሮ አርቢ ዶሮ ካላረደ ማን ሊያርድ ነው? ጥያቄው የትኛዋ የሚለው ነበር፤ ጣት ሁሉ ወደ አንዷ ዞረ። ወደ ደመወዝተኛዋ። እርቃኗን የቀረችው፣ ከሁሉ ያስጠላችው፣ ዜሮ ያስመዘገበችው እሷ ነበረቻ!

እዚህ ላይ የዶሮ አርቢዎች ሁሉ የሚያውቁት፣ ተመልካች ግን የማይገምተው አንድ ነገር አለ። ደህና የምትጥል ዶሮ ላባዋን የምትለውጠው ዘግይታ ነው፤ ስትለውጥም ባንዴ፣ በፍጥነት ነው። ሰነፏ ቀድማ ትጀምርና ዛሬ አንድ ነገ አንድ እያለች ወራት ትፈጃለች፤ መልኳ ግን እምብዛም አይበላሽም። ስለዚህ በክረምት ወደ ዶሮ ቤት ገብቶ በመልክ የሚመርጥ ሰው፣ ብዙ ጊዜ እጁ የሚያርፈው በምርጧ ላይ ነው። ያስጠላችው ሳትቆጥብ ስለሰጠች ነው።

ይህን ላስረዳ አፌን ስከፍት፣ ቧንቧው ሥር ልብስ የምታጥበው የጎረቤቴ ልጅ ቀና ብላ ቀደመችኝ።

«ኧረ መጀመሪያ ትልበስ!»

ሁላችንም ሳቅን። እሷ አልሳቀችም። እጇን አራግፋ ተነሳችና፣ «ዓመት ሙሉ እሷ ናት ያበላችን። ሁለት ወር እኛ ብናበላት ምናለበት?» አለች። ከዚያ ወደ ልብሷ ተመለሰች። ግቢው ጸጥ አለ። እናቷ የነጠላቸውን ጫፍ ይዘው መሬት መሬት አዩ።

ሰውን ከዶሮ ጋር ማነጻጸር ነውር ነው፤ እኔም ባልደፈርኩት። ነገር ግን የተናገረችው እሷ ናት፤ እንድጽፈውም ፈቅዳልኛለች። ልጅቷ ሰባት ዓመት ቤይሩት በሰው ቤት ሠርታ በዚያው ዓመት ሚያዝያ ላይ ነው የተመለሰችው። የቤታቸው ጣሪያ የታደሰው፣ ወንድሟ ኮሌጅ የጨረሰው በእሷ ብር ነው። ስትመጣ ከሳምንት በላይ ተኛች። ከዚያ በኋላም ብዙ አትናገርም፤ ደጅ አትወጣም፤ ስልክ ሲጮኽ ትደነግጣለች። የመጀመሪያዎቹን ቀናት እንግዳው ሁሉ «እንኳን ደህና መጣሽ» አለ። በሁለተኛው ወር «ምን ይዛ መጣች?» ተባለ። በሦስተኛው «አሁን ምን እየሠራች ነው?» በአራተኛው ደላላው ብቅ ብሎ እናቷን «መቼ ነው የምትመለሰው?» አላቸው። እናቷ ክፉ ሴት አይደሉም። ደብተር ባይዙም እሳቸውም ይቆጥራሉ፤ ኑሮ የማያስቆጥረው ማን አለ?

እኔን የሚደንቀኝ ይህን የማናውቅ ሕዝብ አለመሆናችን ነው። አራስ እንዴት እንደምትያዝ እናውቅበታለን። ገንፎው፣ አጥሚቱ፣ ቅቤው ይመጣላታል። ውሃ አትቅጂ፣ ብርድ እንዳይመታሽ፣ ብቻሽን አትደሪ ትባላለች። ወንድ ከወለደች እስከ አርባ፣ ሴት ከወለደች እስከ ሰማንያ ቀን ክርስትና እስኪነሳ ድረስ «ምን ሠራች?» ብሎ የሚጠይቅ ቢኖር ሰው ይስቅበታል። «አራስ ናት» ማለት ሙሉ መልስ ነው። ሐዘንተኛም እንዲሁ ነው። እድሩ ድንኳን ይተክላል፤ ጎረቤት እንጀራና ወጥ ተሸክሞ ይመጣል፤ ሐዘንተኛ ምድጃ ሥር አይቀመጥም። እንግዲህ ለወለደና ለሞተበት ፈቃድ አለን። ችግሩ በመካከል ላለው ነው። ልጅ አልወለደም፤ ሰው አልሞተበትም፤ ነገር ግን ያለውን ሁሉ ሰጥቶ ጨርሶ እንደገና ላባ እያወጣ ነው። ከስደት የተመለሰች፣ ሠላሳ ዓመት አስተምሮ ጡረታ የወጣ፣ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ በመንፈቁ ወደ ቤት የመጣ ወጣት። ለእነዚህ ስም የለንም። ስም ስለሌለን ገንፎም የለንም።

በሌላው ዓለም ደግሞ ጉዳዩን በፋብሪካ አሠራር ሞክረውታል። በአሜሪካ ትላልቆቹ የእንቁላል እርባታዎች ዶሮዋ በራሷ ጊዜ ላባ እስክትለውጥ መጠበቅ አክሳሪ ሆኖ ስለታያቸው፣ ለብዙ ዘመን መንጋውን በአንድ ቀን መኖ ይከለክሉት ነበር፤ እስከ ሁለት ሳምንት የሚደርስ ረኀብ። ዶሮዋ ሩብ ያህል ክብደቷን ትጥላለች፣ ላባዋ ይረግፋል፣ እንቁላሏ ይቆማል። ከዚያ መኖው ሲለቀቅ መንጋው ሁሉ በአንድ ላይ እንደገና ይጀምራል። በፈረንጆች አቆጣጠር በ2000 ማክዶናልድ እንዲህ ከሚያደርጉ አምራቾች እንቁላል አልገዛም አለ፤ ከ2006 ጀምሮም የአገሪቱ የእንቁላል አምራቾች ማኅበር መመሪያ መኖ መከልከልን አስቀረ። ልብ በሉ፤ እነዚያ ሰዎች ዶሮዋ እረፍት እንደሚያስፈልጋት አልካዱም። እንዲያውም እረፍቱን በቀጠሮ ያዙላት። መክፈል ያልፈለጉት ዋጋውን ነው። እኛም ብዙ ጊዜ የምናደርገው ይህንኑ ይመስለኛል። የደከመውን «እረፍ» እንለዋለን፤ ሳህኑን ግን ከፊቱ እናነሳለን።

ወደ ግቢያችን ልመለስ። ለእንቁጣጣሽ ሦስታችን አዋጥተን ሾላ ገበያ ወርደን ዶሮ ገዛን። ዋጋው ያቃጠለን መሆኑን አልደብቅም። ደላላው በመስከረም መጀመሪያ ሲመጣ ጎረቤቴ በር ላይ ቆመው «ልጄ እያረፈች ነው» ሲሉት በጆሮዬ ሰምቻለሁ። «እስከ መቼ?» አላቸው። «እኔ ምን አውቄ!» አሉት። ከዚያ በኋላ ያለው የልጅቷ ታሪክ ነው፤ የእኔ ዓምድ ማሟያ አይደለም።

ስለ ዶሮዋ ግን መናገር እችላለሁ። ጥቅምት ላይ አዲስ ላባዋን ለብሳ ፀሐይ ላይ ስትቆም ቡናማው ከዱሮው ጠቆር ብሎ ያብረቀርቅ ነበር። ሽቦውን አነሳሁት፤ ሁለት ቀን ተናቆሩና ተስማሙ። ኩክኒዋ እንደገና ቀላ፣ ኅዳር መግቢያ ላይ የመጀመሪያውን እንቁላል ጣለች። ተለቅ ያለ ነበር። ሁለተኛ ዓመት ላይ ያለች ዶሮ እንዲህ ናት፤ እንቁላሏ በመጠን ያድጋል፣ በቁጥር ይቀንሳል። እንደ መጀመሪያው ዓመት በየቀኑ የሚጠብቅ ሰው ያዝናል።

ባለቤቴ ጥር ላይ ደብተሯን ገልጣ የሁለቱን ዓመት ቁጥር ጎን ለጎን አየችና፣ «ደመወዝተኛዋ ቀንሳለች» አለችኝ።

ዝም ብዬ አየኋት። እሷም አየችኝ። ሁለታችንም ሃምሳን ከዘለልን ሰንብተናል። ደብተሩን ዘጋችና የመኖውን ጣሳ አንስታ ወጣች።